አገልግሎትና ትዕቢት፤ እግር ማጠብና እግር ማሳጠብ

ስለ ትሕትና መጻፍ ያስፈራል። «እሱ ማን ሆነና ነው ትሕትና የሚያስተምረን?» የሚል አይጠፋም፤ እውነቱንም ነው። ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው ትሕትና ስላለኝ አይደለም። ትሑት ነኝ ብዬ ስኖር ቆይቼ ትዕቢቴን ያየሁበት አንድ አጋጣሚ ስለነበረ፣ ከእሱ የተማርኩትን ባካፍል በተለይ በአገልግሎት ላይ ያለነውን ተማሪዎች ይጠቅማል ብዬ ነው።

የቃሉ ትርጉም

ሁለቱም ቃላት ከግእዝ የመጡ ናቸው። «ትዕቢት» ዐብየ፣ ማለትም ትልቅ ሆነ፣ ከሚለው ግስ ይወጣል። «ትሕትና» ደግሞ ትሕተ፣ ማለትም ከበታች፣ ከሚለው ቃል ጋር ዘሩ አንድ ነው። በዚህ ከሄድን ትዕቢተኛ ራሱን ከፍ ያደረገ፣ ትሑት ደግሞ ራሱን ዝቅ ያደረገ ሰው ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የምንረሳው ነገር ግን አለ፤ ሰው ዝቅ ብሎ እየሠራ ከፍ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ጎንበስ ብሎ ወለል እየጠረገ በልቡ «እዩኝ» የሚል አለ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የራሴ ነገር

በግቢ ጉባኤ አገልግሎት ከተባለ ወደኋላ አልልም ነበር። ለዝክር ውኃ እቀዳለሁ፣ ድስት አጥባለሁ፣ የታመመ እጠይቃለሁ። ሰው «አቤት የእሱ ትሕትና!» ሲል አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፤ ውስጤ ግን ደስ ይለዋል። ምን አለፋችሁ፣ እምቢ የማላውቅ አገልጋይ ነበርኩ። የማልወደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው እኔን ሲያገለግለኝ። ብር ሲያጥረኝ አልበደርም፣ ያልገባኝን ትምህርት አልጠይቅም፣ ሲያመኝ አልናገርም። ይህንንም «ሰው ላለማስቸገር ነው» እል ነበር።

አንድ ጊዜ ታይፎይድ ያዘኝና ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። ያስታመመኝ በዶርማችን ውስጥ ዝምተኛ የነበረ ልጅ ነው። ዘመናዊ ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ስለሆነ በዕድሜ ይበልጠናል፤ እንግሊዝኛ ሲያነብም ስቄበት አውቃለሁ። ይኸው ልጅ ከካፌ ምግብ ያመጣልኛል፣ ያጎርሰኛል፣ ትውከቴን ይጠርጋል፣ ልብሴን ያጥባል። በሦስተኛው ቀን ውኃ አሙቆ በሳፋ አመጣና እግሬን ሊያጥበኝ ቁጭ አለ። እኔ ግን እግሬን ሰበሰብኩ። «ተው፣ ራሴ እታጠባለሁ» አልኩት። መቆም እንኳ አልችልም እኮ! እሱም ሳይቆጣ «የሰው ስታጥብ ደስ ይልሃል፣ ያንተ ሲሆን ግን ከበደህ። እስቲ ለምን እንደሆነ አስበው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቅዱስ ጴጥሮስም እምቢ ብሎ ነበር

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ጌታችን ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ፈጽሞ እንደማይታጠብ ተናገረ። እምቢታው ሲያዩት ትሕትና ይመስላል። ጌታ ግን ካልታጠበ ከእርሱ ጋር ዕድል እንደማይኖረው ነገረው። እርስ በርሳችሁ ተጣጠቡ ብሎ ያዘዛቸው ሁሉንም ካጠባቸው በኋላ ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፤ መጀመሪያ መታጠብ፣ ከዚያ ማጠብ።

ቤተ ክርስቲያናችንም በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ይህንን ትፈጽማለች። ካህናት የምእመናንን እግር በወይንና በወይራ ቅጠል ያጥባሉ። ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስላጠበው ካህን ነው። ሥርዓቱ የሚፈጸመው ግን እግሩን ዘርግቶ የሚሰጥ ሰው ሲኖር ነው። በአገራችን ገጠርም እንግዳ ከመንገድ ሲገባ እግሩን ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። እንግዳው አልታጠብም ቢል የቤቱን ሰው ያስቀይማል እንጂ ትሑት አይባልም።

የአብነት ትምህርት ቤት

ጓደኛዬ ይህንን ያወቀው በኑሮ ነው። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ጋይንት ውስጥ የአብነት ተማሪ ነበር። ደቡብ ጎንደር በዚህ ትምህርት የታወቀ አገር ነው፤ ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት፣ ደብረ ታቦር ደግሞ በተክሌ አቋቋም ስማቸው ይጠራል። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሀብታም ልጅ ከድሃ ልጅ ጋር እኩል ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ሲለምን ኖሯል።

አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከወላጆቹ ርቆ የሄደ ተማሪ የሚበላው ያስፈልገዋል። ነገር ግን ልመናው ራሱ ትምህርት ነው። የጓደኛዬ አባት ጎተራቸው የማይጎድል ገበሬ ነበሩ። እሱ እንደነገረኝ የመጀመሪያ ቀን ከሰው ደጅ ቆሞ ድምፁ አልወጣ አለው። ውሻ ሲጮህበት ለመመለስ ሰበብ ስላገኘ ደስ አለው። ባዶውን ጎጆ ሲገባ በዕድሜ የሚያንሰው ልጅ የለመነውን ቁራሽ ገምሶ ሰጠው። «እስከ ዛሬ የራበው ሰው ሳይ ያ ቁራሽ ትዝ ይለኛል» አለኝ። በሰው እንጀራ እንዳደገ የሚያውቅ ሰው ሲያገለግል ውለታ የዋለ አይመስለውም፤ የተቀበለውን የሚመልስ ነው የሚመስለው። ብዙ የኔታዎችም ክፍያ ሳይጠይቁ ሲያስተምሩ የኖሩት ራሳቸው እንዲሁ ስለተማሩ ይመስለኛል።

የእጅ ሥራ ብቻውን

ከዚሁ ከደብረ ታቦር ታሪክ ሌላ ምሳሌ ላንሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱን ሲያስጠርጉ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ማየት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እኚሁ ንጉሥ ቀብተው ያነገሡዋቸውን አቡነ ሰላማን በመቅደላ አሰሩ፤ አቡኑም በእስር እንዳሉ አረፉ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ከተማ ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ስትዘረፍና ስትቃጠል ትእዛዙ የእሳቸው ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ለመፍረድም አይደለም። እኔ የተማርኩት፣ እጅ ድንጋይ ለማንሣት ዝቅ ብሎ ልብ ግን ተግሣጽ ለመቀበል እምቢ ሊል እንደሚችል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሰው ሲረዳን «ምንም አያስፈልገኝም» ከማለት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለትን እንልመድ። ሁለተኛ፣ ያልገባንን ከክፍል ጓደኛችን እንጠይቅ፤ የምንንቀው ልጅ የሚያውቀው ነገር ይኖራል። ሦስተኛ፣ ስናገለግል ስማችን የማይነሣበትን ሥራ እንምረጥ። አራተኛ፣ የሚገሥጸንን ሰው እንስማ። ይህ ሲባል ግን በሰው ጫንቃ መኖር ማለት አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሥራ የማይወደውን ገሥጿል። መሥራት እየቻለ የሚለምንና ሲያስፈልገው እርዳታ የሚቀበል ሰው አንድ አይደሉም።

ከተማችን የተጠራችበትን የታቦርን ተራራ በማንሣት ላብቃ። በየዓመቱ ነሐሴ 13 በቡሄ የምናስበው ነው። እዚያም ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ ሦስት ዳስ ሠርቶ ከክብሩ ጋር መቅረት ፈልጎ ነበር። ጌታ ግን ይዟቸው ወረደ፤ ከተራራው ሥር የታመመ ልጅ ይዞ የሚለምን አባት ይጠብቃቸው ነበር። አገልጋይ ወደዚያ ልጅ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ዘግይቶ የገባኝ፣ አንዳንድ ጊዜ የታመመው ልጅ እኔው ራሴ መሆኔ ነው።

ያን ቀን በመጨረሻ እግሬን ዘረጋሁ። ውኃው ሞቅ ያለ ነበር። ጓደኛዬ ምንም ሳይናገር አጥቦኝ ሳፋውን ይዞ ወጣ። ስለሳቅኩበት ይቅርታ የጠየቅኩት ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያም ከመታጠቡ ይልቅ ከብዶኝ ነበር።

አምላካችን በማስተዋል እንድናገለግል፣ በትሕትናም እንድንቀበል ይርዳን። አሜን።