ኢንተርኔት መንገዱን እንዴት ያገኛል? ፌስቡክን ለሰዓታት ያጠፋው ስህተት

መስከረም 24/2014 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለአዲስ የሥራ ዘመን ቃለ መሐላ የፈጸሙበት ዕለት ነበር። ምሽት 12 ሰዓት ከ40 ገደማ ግን የዕለቱን ዜና በፌስቡክ ለመከታተል የሞከረ ሁሉ ገጹ አልከፈት አለው።

ዋትስአፕ እና ኢንስታግራምም አብረው ጠፉ። በአሜሪካ ኦክላንድ እና ሳን ሆዜ ከተሞች ሆነው በዋትስአፕ አገር ቤት መደወል የለመዱ ኢትዮጵያውያንም ለሰዓታት ሌላ አማራጭ መፈለግ ነበረባቸው።

በተደጋጋሚ ኢንተርኔት በተቋረጠባት ኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ዝምታ እንግዳ አይደለም። የዚህኛው መነሻ ግን ፌስቡክ ራሱ ነበር። ችግሩ ዓለም አቀፍ ሲሆን፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በካሊፎርኒያ ከፓሎ አልቶ ከተማ አጠገብ፣ በሜንሎ ፓርክ ይገኛል።

የኩባንያው ኮምፒውተሮች አልተቃጠሉም፤ የተጠቃሚዎች መረጃም አልጠፋም። የጠፋው ወደ እነርሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

መንገድ የሚጠሩ ኔትወርኮች

ከስልክ የሚላክ ፎቶ በአንድ ጊዜ አይጓዝም። ወደ ትናንሽ የመረጃ እሽጎች ይከፋፈልና እያንዳንዱ እሽግ የመድረሻውን አድራሻ ይዞ ይነሳል። በየመገናኛው ያለው ራውተር የተባለ መሣሪያ አድራሻውን አንብቦ ለቀጣዩ ራውተር ያሳልፈዋል።

የዓለምን ሙሉ ካርታ የያዘ ራውተር የለም። እያንዳንዱ የሚያውቀው ቀጣዩን እርምጃ ብቻ ነው።

በአንድ ድርጅት ኔትወርክ ውስጥ ነገሩ ቀላል ነው። ራውተሮቹ የአንድ ባለቤት በመሆናቸው የመስመሮቻቸውን ሁኔታ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ አጭሩንም መንገድ ያሰላሉ።

ኢንተርኔት ግን የአንድ ባለቤት አይደለም። ከ70 ሺህ በላይ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ኔትወርኮች ስብስብ ነው። እነዚህን የሚያግባባቸው ቢጂፒ የተሰኘው የጋራ ደንብ ወይም ፕሮቶኮል ነው። የሲስኮው ኪርክ ሎክሂድ እና የአይቢኤሙ ያኮቭ ሬክተር በአውሮፓውያኑ 1989 በቴክሳስ ኦስቲን ምሳ ላይ ሆነው በናፕኪን ላይ እንደነደፉት ይነገራል።

አሠራሩን ለመረዳት የአዲስ አበባን የታክሲ ረዳት ማሰብ ይቻላል። ረዳቱ "ፒያሳ! ፒያሳ!" እያለ ይጣራል፤ ተሳፋሪውም አምኖ ይገባል። ኔትወርኮችም እንዲሁ "ወደ እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይደረሳል" ብለው ለጎረቤቶቻቸው ያስታውቃሉ። ጎረቤት ለጎረቤት እየተቀባበለ ጥሪው ዓለምን ያዳርሳል።

ተፎካካሪዎች የሚገናኙበት ሕንፃ

ሁለት ኔትወርኮች ጎረቤት የሚሆኑት በአካል ሲገናኙ ነው። ለዚህ ከሚጠቀሱ ስፍራዎች አንዱ በፓሎ አልቶ ብራያንት ጎዳና፣ ቁጥር 529 ያለው ሕንፃ ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን በአውሮፓውያኑ 1996 በዚህ ቦታ የኢንተርኔት መለዋወጫ ማዕከል ከፈተ።

በዚህ ጣሪያ ሥር በገበያ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች መሣሪያዎቻቸውን አስቀምጠው በኬብል ይገናኛሉ። እንዲህ ያለ የጋራ ስፍራ ከሌለ በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት ደንበኞች የሚለዋወጡት መልእክት ሩቅ አገር ዞሮ ሊመለስ ይችላል። በአፍሪካ አገራት መካከል የሚላክ መልእክት በአውሮፓ በኩል ሲዞር መኖሩም ለዚህ ማሳያ ነው።

ቢጂፒ መንገድ ሲመርጥ ርቀትን ብቻ አይመለከትም። በኩባንያዎች መካከል ያለው የንግድ ውል ይቀድማል። መንገዱ መጨናነቁንም አያውቅም።

ስለዚህም ትልልቅ ኔትወርኮች የትራፊክ ምሕንድስና የሚባለውን ሥራ ይጨምራሉ። የየመስመሩን አቅም ይለካሉ፤ ከሞላው መስመር ወደ ባዶው ያዛውራሉ፤ ለክፉ ቀንም ትርፍ አቅም ያስቀምጣሉ።

አንድ ትዕዛዝ ያስከተለው ጣጣ

የፌስቡክ አደጋ የተከሰተው በዚሁ ሥራ መሐል ነው። ኩባንያው እንዳብራራው፣ በመደበኛ ጥገና ወቅት የዋና መስመሮቹን አቅም ለመገምገም የተሰጠ ትዕዛዝ ሳይታሰብ የመረጃ ማዕከሎቹን የሚያገናኙትን መስመሮች በሙሉ ቆረጠ። እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ ሊያግድ የሚገባው የቁጥጥር ፕሮግራምም ጉድለት ነበረበትና አላስቆመውም።

ቀጥሎ የሆነው የባሰ ነበር። "ፌስቡክ" የሚለውን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉሙት ኮምፒውተሮች ከመረጃ ማዕከላቱ ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው፣ አስቀድሞ እንደተዘጋጁት፣ የቢጂፒ ጥሪያቸውን ራሳቸው አቆሙ። ረዳቱ መጣራቱን ሲያቆም ተሳፋሪው ታክሲው መኖሩንም አያውቅም።

መሐንዲሶቹ ከርቀት የሚጠግኑባቸው መሣሪያዎችም በዚያው ኔትወርክ ላይ የተመሠረቱ ስለነበሩ አልሠሩም። ባለሙያዎች በአካል ወደ ማዕከላቱ ተላኩ፤ ጥብቁን ጥበቃ አልፎ መግባትም ጊዜ ወሰደ። አገልግሎቱ የተመለሰው ከስድስት ሰዓታት ገደማ በኋላ ነው።

ጥሪው ሐሰት ቢሆንስ?

ጥሪ መቋረጡ አንድ አደጋ ነው። ያልተገባ ጥሪ ደግሞ ሌላ። በየካቲት 2000 ዓ.ም የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ እንዲያግድ ታዘዘ። ይህንን ለመፈጸም "ወደ ዩቲዩብ በእኔ በኩል ይደረሳል" የሚል ጥሪ አሰማ። ጥሪው ግን ከአገር ወጣ፤ ፒሲሲደብሊው የተባለው የሆንግ ኮንግ ኩባንያም ለዓለም አስተላለፈው።

ዩቲዩብ 1,024 አድራሻዎችን በአንድነት ሲያስታውቅ የፓኪስታኑ ጥሪ ከእነዚህ 256ቱን ለይቶ ጠራ። በደንቡ መሠረት ይበልጥ ዝርዝር የሆነው ጥሪ ያሸንፋል። በዚህም ካሊፎርኒያ መድረስ የነበረበት የዓለም ጎብኚ ወደ ፓኪስታን ተመርቶ፣ ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓታት ገደማ ከብዙዎች ራቀ።

ዛሬ አርፒኬአይ የተባለ የዲጂታል ማረጋገጫ ይህንን ክፍተት ለመሙላት እየተስፋፋ ነው። የአድራሻው ባለቤት ማን ሊጠራለት እንደሚችል በፊርማው ያረጋግጣል። ይሁን እንጂ ጥቅም የሚሰጠው ሌሎች ኔትወርኮች ፊርማውን ሲመረምሩ ብቻ ነው።

ባሕር በር ለሌላት አገር

ፊርማ ከሐሰተኛ ጥሪ ይጠብቃል እንጂ የተበጠሰ ኬብል አይቀጥልም። ባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው እንደ ጅቡቲ እና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶቿ በኩል ነው።

በአውሮፓውያኑ 2024 መጀመሪያ ላይ በቀይ ባሕር ሲኮም እና ኤኤኢ-1ን ጨምሮ ሦስት ኬብሎች ተጎዱ። ቢጂፒ እንዲህ ባለ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ነገር ግን ያ ሌላ መንገድ አስቀድሞ የተዘረጋ፣ ውል የተፈጸመለት እና የተጨመረበትን ጭነት የሚችል መሆን አለበት።

የፌስቡክ ችግር በአንድ ትዕዛዝ ተጀምሮ በዚያው ዕለት ተስተካክሏል። የባሕር ሥር ኬብል ለመጠገን ግን ልዩ መርከብ፣ ፈቃድ እና ሳምንታት ያስፈልጋሉ። በእነዚያ ሳምንታት የአንድ አገር ኢንተርኔት ፍጥነት የሚወሰነው ስንት ሌሎች በሮች እንዳሏት ነው።