በማኅፀን ሳለ ስለሚመረመረው የሕፃን ልብ

ሕፃን ተወልዶ ድምፁን ካሰማ፥ መልኩም ደኅና ሆኖ ከታየ፥ ዘመድ ሁሉ እልል ብሎ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ጤናውን የሚጠራጠር ሰው አይገኝም። ነገር ግን በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሕፃን ጡት ይዘው፥ ከጥቂት ሰዓት ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ ከንፈራቸው የሚጠቍርና ትንፋሻቸው የሚያጥር ሕፃናት አሉ። ከ100 ሕፃናት አንዱ ያህል በልቡ አሠራር ጕድለት ይዞ ይወለዳል። ብዙው ጕድለት ቀላል ነው፤ አንዳንዱም በራሱ ጊዜ ይደፈናል፤ ከባዱ ግን የሚሰጠው ጊዜ እጅግ አጭር ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። ፅንስ በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም፤ የሚያስፈልገው ኦክሲጂን ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ይደርሰዋል። ስለዚህ ደሙ ወደ ሳንባ ሳይዞር የሚያልፍባቸው ሁለት አቋራጭ መንገዶች ተፈጥረውለታል፤ አንደኛው በልቡ ውስጥ ያለ ቀዳዳ፥ ሁለተኛውም ከልብ የሚወጡትን ሁለቱን ታላላቅ የደም ሥሮች የሚያገናኝ መተላለፊያ ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሥሮች ቦታቸውን ተለዋውጠው ቢበቅሉ እንኳ ፅንሱ አይጐዳም፤ ያድጋል፥ ይንፈራገጣል፤ እናቱም አንዳች አታውቅም። ከተወለደ በኋላ ግን አቋራጮቹ ይዘጋሉ። ያን ጊዜ በሳንባ የጠራው ደም ተመልሶ ወደ ሳንባ፥ ያልጠራውም ተመልሶ ወደ ገላ ይዞራል፤ ሕፃኑም በአየር መካከል ሆኖ አየር ያጣል።

ማኅፀን የሰወረውን ይህን ጕድለት የሚገልጠው መሣሪያ አልትራሳውንድ ይባላል። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሆድ ይሰድና፥ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመለሰውን ተቀብሎ ሥዕል ያደርገዋል። የግላስጎው የማኅፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ ከባልደረቦቹ ጋራ ስለዚህ ጥበብ የታወቀውን ጽሑፍ ያወጣው በ1958 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነበር፤ ድምፁም አስቀድሞ በፋብሪካ ውስጥ የብረት ስንጥቅ ይፈለግበት ነበር። ዛሬ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፥ ከአውራ ጣት ጫፍ እምብዛም የማይበልጠው ልብ ሲመታ ይታይበታል።

ይሁን እንጂ መሣሪያ ብቻውን አያይም። በመጀመሪያው ዘመን የልብን 4 ክፍሎች መመልከት እንደሚበቃ ይታሰብ ነበር፤ ሥሮቹ የተለዋወጡበት ልብ ግን ብዙውን ጊዜ 4ቱ ክፍሎቹ ደኅና ሆነው ይታያሉ። መርማሪው መሣሪያውን ጥቂት አዘንብሎ፥ ሁለቱ ሥሮች ከልብ ሲወጡ እርስ በርሳቸው መሻገራቸውን ማየት አለበት፤ ሳይሻገሩ ጐን ለጐን ከሄዱ ነገሩ ተገለጠ ማለት ነው። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ እጁን መቼ እንደሚያዘነብል የሚያውቅ ሰው ግን በብዙ ትምህርት የሚገኝ ነው።

የዕውቀቱ ጥቅም በፓሪስ በቍጥር ታይቷል። የአገሩ ሐኪሞች የ10 ዓመት ሥራቸውን መርምረው በ1999 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር እንዳሳተሙት፥ ሥሮቻቸው ከተለዋወጡት ሕፃናት 250ው ከተወለዱ በኋላ፥ 68ቱ ሳይወለዱ ታውቀው ነበር። ከ250ው 15ቱ ለቀዶ ሕክምና ሳይደርሱ ሞቱ፤ ከቀሩት 235ም 20ው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሞቱ። ከ68ቱ አንድ ስንኳ አልሞተም። የእነዚህ እናቶች መውለጃ ከልብ ሐኪሞች አጠገብ ተዘጋጅቶ ነበርና፥ አቋራጩ እንዳይዘጋ ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን መድኃኒት ለመስጠት፥ በልብ ውስጥ ያለውንም ቀዳዳ ለማስፋት ጊዜ ነበረ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ምክር፥ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ አሳስቧል። መቼም ምርመራው ሁሉን አይገልጥም፤ ትንንሽ ቀዳዳና ዘግይቶ የሚመጣ ጥበት ያመልጡታል። የሚሰማውም ወሬ ለወላጆች መራራ ነውና፥ የሚነግራቸው ሰው ቸኵሎ መናገር አይገባውም። ነገር ግን የልብ ሐኪም ከሌለበት ሩቅ አገር ለምትኖር እናት፥ በ20ኛው ሳምንት የተነገራት እንደ ሆነ፥ ገንዘብ ለማግኘት፥ ከዘመድ ለመመካከርና ወደ ትልቁ ሆስፒታል ለመድረስ ሌላ 20 ሳምንት ያህል ይቀራታል።