ሞትን ከአርባው በፊት ስለ ማስመዝገብ

በመካነ ሰላምና በአካባቢዋ ሰው ሲሞት ወሬው ቶሎ ይዳረሳል። ቅሬው ይጠራል። አንዱ መቃብር ይቆፍራል፤ አንዱ እንጨት ይፈልጣል፤ ሴቶቹ እንጀራና ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ። ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ ይደርሳል። ይህ የወሎ ወግ ነው፤ እኛን ማንም አያስተምረንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሥራ ይቀራል። ሞቱ በቀበሌው መዝገብ ሳይጻፍ ይታለፋል። ብዙዎቻችን «ለሞተ ሰው ወረቀት ምን ይሠራለታል?» እንላለን። እርግጥ ነው፤ ለሞተው ምንም አይሠራለትም። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለቀሩት ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በቦረና ወረዳ፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያወርደው አገር አንድ ገበሬ ሞተ እንበል። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ቀሩ። ሰው ሁሉ አልቅሶ ቀበረው። ሚስቲቱም መሬቱን እያሳረሰች ልጆቿን ታሳድግ ጀመር። ሁለት ዓመት እንዳለፈ የባሏ ወንድም መጣና «ይህ የወንድሜ መሬት ነው፤ ለእኔ ይገባል» አለ። ሴትየዋ የመሬት ደብተሩን ይዛ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደች። በደብተሩ ላይ የእርሷም የባሏም ስም ተጽፏል፤ በክልላችን የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም ነውና። ነገር ግን የባሏን ድርሻ ወደ ወራሾቹ ለማዛወር መሞቱን የሚያስረዳ ወረቀት አምጪ ተባለች። ፍርድ ቤትም ብትሄድ የወራሽነት ማስረጃ ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቃት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ምስክር ልትፈልግ ተመለሰች። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። አንዱ «የሞተው በሰኔ ነው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ሐምሌ ገብቶ ነበር» ይላል። ሁሉም እውነተኞች ናቸው፤ ግን ሰው ይረሳል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ምልልስ አይመጣም ነበር።

ሞትን መመዝገብ በአገራችን ሕግ ከታሰበ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ብዙ አንቀጽ ነበረው። ነገር ግን ያው ሕግ ራሱ፣ ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ መዝገቡ ይቆይ ይል ነበር። ቆየም። አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከ1952 እስከ 2008 ሲቆጠር 56 ዓመት ይሆናል። አያቶቻችን ሳይመዘገቡ ተወልደው ሳይመዘገቡ ቢያልፉ ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም። አሁን ግን መዝገቡ ቀበሌያችን ድረስ መጥቷል።

ሕጉ ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን «ወሳኝ ኩነት» ይላቸዋል። የሚመዘግበው ሰው «የክብር መዝገብ ሹም» ይባላል። በገጠር ቀበሌ ብዙ ጊዜ ይህን ሥራ የሚሠራው የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነው።

ሞት የሚመዘገበው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑን ለማስታወስ አስቸጋሪ አይደለም። በእኛ አገር ሠልስቱም አርባውም ይታወቃል፤ ይቆጠራል። ስለዚህ ለአርባው እህል ከመፈጨቱ በፊት አንድ ሰው ቀበሌ ደርሶ ይምጣ። ይህን ለቅሬው ዳኛ ብንሰጠው መልካም ይመስለናል። ሐዘንተኛ ቤት የተቀመጠ ሰው ቀኑን አይቆጥርም፤ ዳኛው ግን ማን መቼ እንደሞተ ያውቃል።

የማስመዝገብ ግዴታ ያለበት ማን ነው? ቀዳሚው ከሟቹ ጋር አብሮ ይኖር የነበረ ሰው ነው። እርሱ ከሌለ ዘመድ ነው። ዘመድ ከሌለም ጎረቤት ይናገራል። የሚኬደውም ሟቹ ይኖርበት ወደ ነበረው ቀበሌ ነው። የሟቹ መታወቂያ ካለ ይያዛል፤ የሚያስመዘግበውም የራሱን መታወቂያ ይያዝ። ሟቹ በመካነ ሰላም ወይም በደሴ ሆስፒታል ሞቶ እንደሆነ ከሆስፒታሉ የሞት ማሳወቂያ ወረቀት ሳይቀበሉ አስከሬን ይዞ መውጣት ኋላ ያስቆጫል። ደሴ ድረስ ለአንድ ወረቀት መመለስ ቀላል መንገድ አይደለም። በቤቱ የሞተ ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር ይገባል፤ የማሳወቂያውን ነገር እርሷ ታውቃለች።

ሹሙ የሟቹን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ይጠይቃል። ጾታውን፣ ዕድሜውን፣ አግብቶ እንደነበር፣ የሞተበትን ቀንና ቦታ፣ የተቀበረበትን ቦታና የሞቱን ምክንያት ይጽፋል። በምክንያቱ ላይ «የእግዜር በሽታ ነው» ብሎ ማለፍ ልማዳችን ነው። ሐኪም የተናገረው ካለ እርሱን፣ ከሌለም ያየነውን እንናገር። በአንድ ቀበሌ ብዙ እናቶች በምጥ መሞታቸው ካልተጻፈ ወረዳው ከየት ያውቀዋል?

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንዱ ስም ነው። ሰውየው በመሬት ደብተሩ «ሰይድ አሊ»፣ በመታወቂያው «ሰኢድ አሊ» ተብሎ ይገኛል። ሌላው በክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም፣ በሰፈር ደግሞ ጥላሁን ነው። ቀብር ላይ ሁሉም አንድ ሰው መሆኑን ያውቃል። ጽሕፈት ቤት ግን ሰውየውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ፊደሉን ብቻ ነው። በሁለት ዓይነት ፊደል የተጻፈ ሰው ሁለት ሰው ይመስለዋል። ስለዚህ ወደ ቀበሌ ስትሄዱ የመሬት ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሙ በዚያ እንደተጻፈ ለሹሙ አሳዩት፤ ልዩነት ካለም ያኔውኑ ንገሩት።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ገበሬ ቀን የሚቆጥረው በበዓል ነው። «በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው የሞተው» ይላል። ሚካኤል በ12 ስለሚውል ማግስቱ ኅዳር 13 ነው። «ከመውሊድ በፊት በነበረው ዓርብ» የሚልም አለ። መውሊድ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ይዛወራል፤ ከዓመት በኋላ ወደ ኋላ ቆጥሮ ማግኘቱ ያደክማል። ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው በዚያው በለቅሶው ቀን ዕለቱን፣ ወሩንና ዓመቱን በደብተሩ ይጻፍ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በጸጥታ ችግር ወይም በሌላ ምክንያት ተዘግቶ ቢቆይ እንኳ ይህች ጽሑፍ ትጠቅማለች።

ሹሙ ጽፎ ሲጨርስ ያስፈርማል። ድሮ አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን እንመለስ ነበር። አሁን አንብባችሁ ፈርሙ። ስሙ ወይም ቀኑ ተሳስቶ እንደሆነ «ይታረምልኝ» በሉ፤ ይህን ማለት ድፍረት አይደለም። ዐውቆ ሐሰት ማስጻፍ ግን በሕግ ያስቀጣል። የሞት ምስክር ወረቀቱን ስትቀበሉ ከመሬት ደብተሩ ጋር በአንድ ላይ አስቀምጡት። ክፍያ ከተጠየቃችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ሠላሳው ቀን ያለፈበት ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ዘግይቶም ይመዘገባል፤ ነገር ግን ማስረጃው ይበዛበታል። ልጁ በዓረብ አገር የሞተበት ሰው ደግሞ ሞቱ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ እንደሚመዘገብ ይወቅ። በሳዑዲ ዓረቢያ ኤምባሲው ሪያድ፣ ቆንስላው ጅዳ ነው። ሄዶ ወሬው የጠፋ ሰው ግን ሞቷል ተብሎ ቀበሌ አይጻፍም። ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ቤተ ሰቡ «መጥፋቱ ይወሰንልን» ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

የሕፃናት ነገር ለብቻው መነገር አለበት። በእኛ አገር ክርስትና ሳይነሣ ወይም ስም ሳይወጣለት የሞተ ሕፃን በጸጥታ ይቀበራል። እናቲቱም «ሌላ ይስጥሽ» ትባላለች፤ ብዙም አይወራም። በሕግ ፊት ግን ልዩነት አለ። ሕፃኑ ሲወለድ ካለቀሰ፣ ከተነፈሰ፣ ልቡ ከመታ ወይም ከተንቀሳቀሰ በሕይወት ተወልዷል። ወዲያው ቢሞትም መወለዱንም መሞቱንም ለሹሙ መንገር ይገባል። ምንም የሕይወት ምልክት ሳያሳይ የተወለደው ግን ሕጉ ከዘረዘራቸው ኩነቶች ውስጥ የለም፤ የቀበሌው መዝገብ ለእርሱ ገጽ የለውም። በእንግሊዝ አገር ሞቶ የተወለደም ሕፃን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1927 ጀምሮ ይመዘገባል። በእኛ አገር ከ28 ሳምንት በኋላ እንዲህ የተወለደውን የሚቆጥረው የጤና ተቋሙ ነው።

ይህ ልዩነት በተለይ ለአንዲት ሴት ከባድ ነገር ያመጣል። ባሏ ሲሞት ነፍሰ ጡር ለነበረችው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተፀነሰ ልጅ በሕይወት ተወልዶ 48 ሰዓት ከኖረ ወራሽ ነው። በሦስተኛው ቀን ቢሞት እንኳ የአባቱን ድርሻ አግኝቶ ነበር ይባላል፤ ድርሻውም ለእርሱ ወራሾች ያልፋል። ከ48 ሰዓት በፊት ከሞተ ግን ለመኖር የሚበቃ አልነበረም ተብሎ ይገመታል። የሞተው ከአካሉ ጉድለት ሳይሆን በሌላ ምክንያት መሆኑን ያስረዳ ሰው ይህን ግምት ማፍረስ ይችላል። ስለዚህ አዋላጇ ወይም ጎረቤቷ የተወለደበትንና የሞተበትን ሰዓት ትጻፍላት። ወላዲቱ በዚያች ሰዓት ይህን አታስብም፤ እንድታስብም አንጠብቅባት።

ሞቶ የተወለደባት እናት ለቀበሌ የምታስመዘግበው ባይኖራትም ጤና ኬላ ትሂድ። ልጁ በሆዷ ሳለ የገደለው የደም ግፊት ወይም ሌላ ሕመም በእርሷ ላይ ሊቀር ይችላል። ጤና ሠራተኛዋ ደም ግፊቷን ትለካለች፤ የሆነውንም ትጽፋለች፤ ሌላ ስታረግዝ ከመጀመሪያው ክትትል እንዲደረግላት ወደ ጤና ጣቢያ ትልካታለች።