በዜኒትሳ የተከፈተ ቤት

ጦርነት የሚያቆስለው ወታደሩን ብቻ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1992 እስከ 1995 በቦስንያ በተደረገው ጦርነት እጅግ ብዙ ሴቶች ተደፈሩ። በጀርመን አገር ይሠሩ የነበሩት የሴቶች ሐኪም ዶክቶር ሞኒካ ሐውዘር ይህን በሰሙ ጊዜ ዜኒትሳ ወደምትባለው ከተማ ሄዱ። በ1993ም ሃያ ከሚያህሉ የአገሩ ሴቶች ጋር «ሜዲካ» የተባለውን ቤት ከፈቱ።

በዚያ ቤት ሐኪሟ ገላን ስታክም፣ የሥነ ልቡና ዐዋቂዋ የተጎዳችውን ሴት በትዕግሥት ታዳምጣለች። መጠጊያ ያጣችው ከነልጇ ታድራለች፤ ለእንጀራዋ የሚሆን የእጅ ሥራም ትማራለች።

ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ሥራው አላበቃም። የሴቶቹ ማኅበሮች ስለ ሕግ ተሟገቱ። በ2006 የቦስንያና ሄርጸጎቪና ፌዴሬሽን ሕግ የተደፈሩትን የጦርነት ተጎጂዎች ብሎ ዐወቃቸው፤ ወርኃዊ መተዳደሪያም ፈቀደላቸው።

እነሆ፣ አንባቢዎቻችን፤ ቁስል በመድኃኒት ይሽራል። ኀፍረት ግን የሚሽረው ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በአደባባይ ሲነገር ነው።