ለተማሪዬ ልምረጥለት ወይስ ራሱ ይምረጥ?

እግዚአብሔር ቢፈቅድ በቅርቡ ከልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ክፍል ተመርቄ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር እጀምራለሁ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ልጁ በምልክት ቋንቋ ይማር ወይስ እንዲናገር እናለማምደው? ልዩ ትምህርት ቤት ይግባ ወይስ ከሚሰሙ ልጆች ጋር ይማር?

የማምንበትን በግልጽ ልናገር። መምህር የራሱ እምነት ይኖረዋል፣ ሊኖረውም ይገባል። ሆኖም በእምነቱ የተማሪውን ምርጫ መንጠቅ የለበትም። ተማሪው እንዲመርጥ ደግሞ በቅድሚያ ሐሳቡን የሚገልጽበት ቋንቋ ሊኖረው ይገባል።

ከቋንቋው ልጀምር። መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ10ሩ 9ኙ ያህሉ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። አብዛኞቹ ወላጆች የምልክት ቋንቋ አያውቁም። ልጁ "ውሃ"፣ "ብላ"፣ "ና"፣ "ሂድ" የሚሉትን ቤተሰቡ በለመዳቸው ጥቂት ምልክቶች ይግባባል። ትናንት ምን እንደሆነ የሚተርክበት፣ የሚፈራውን የሚናገርበት፣ "ለምን?" ብሎ የሚጠይቅበት ግን የለውም። ብዙዎቹ ቋንቋ የሚያገኙት ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው፤ ያውም አርፍደው። የልጅ አእምሮ ቋንቋን እንደ ልብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነውና ይህ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። "ሲያድግ ራሱ ይመርጣል" እያሉ ያለ ቋንቋ ማቆየት ምርጫውን መንፈግ ነው። የምልክት ቋንቋ በጊዜ ይጀመር የምለው ለዚህ ነው። ምልክት መልመዱ ንግግር ከመማር አያግደውም።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም። የሰው ስም ወይም አዲስ ቃል ፊደል በፊደል መግለጽ ሲያስፈልግ ደግሞ የጣት ፊደል አለ። ለእያንዳንዱ የፊደል ዘር አንድ የእጅ ቅርጽ ተሰጥቶታል። ከ"ለ" ወደ "ሉ"፣ ከ"ሉ" ወደ "ሊ" ሲኬድ የእጁ ቅርጽ አይለወጥም፤ የሚለወጠው እንቅስቃሴው ነው። ሀሁ ከነሰባት ቤቱ በአንድ እጅ ይነበባል!

አሁን ወደ እምነት ልግባ። እምነት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሃይማኖት ነው። ክፍል ውስጥ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን እምነት መሆኑን እንኳ ልብ የማንለው አስተዳደጋችን ነው። ጨዋ ልጅ በታላቁ ፊት አንገቱን ይደፋል፣ በጣት ሰው መጠቆም ነውር ነው፣ ፊት ማጨማደድ ብልግና ነው እየተባልን ነው ያደግነው።

በምልክት ቋንቋ ወደሚማር ክፍል ግቡ። ሁሉም የሁሉንም እጅና ፊት እንዲያይ ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። አንዷ ልጅ ጓደኛዋን ስትፈልገው ትከሻውን መታ መታ ታደርጋለች፤ ራቅ ካለ እጇን ታወዛውዛለች። መምህሯ የሁሉንም ዓይን ስትፈልግ መብራቱን አጥፍታ ታበራለች። ልጆቹ "እሱ"፣ "አንቺ" ለማለት በጣታቸው ይጠቁማሉ። ፊታቸው የሰዋስዋቸው አካል ነው፤ ጥያቄው ከተራው ዓረፍተ ነገር የሚለየው በፊት ገጽታም ጭምር ነው። ዓይንን ከሚናገረው ሰው ማንሳት ደግሞ "አልሰማህም" ብሎ ጥሎት እንደመሄድ ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ልጅ "አንገትህን ድፋ፣ አትጠቁም" የሚል መምህር ሥርዓት ያስተማረ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ልጁን ከንግግር ማስወጣት ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ባህል የሚባለው ይኸው ነው፦ የራሱ ጨዋነት፣ የራሱ ነውር፣ የራሱ ቀልድ፣ ማኅበረሰቡ ለአባላቱ የሚያወጣላቸው የምልክት ስም ያለው አኗኗር።

ሃይማኖትም አለ። ጸበል የሚያስጠምቅ፣ ጸሎት የሚያስይዝ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ቤተሰብ ሞልቷል። እኔም አማኝ ነኝ፤ የማንንም እምነት አላቃልልም። የሚያሳስበኝ "እስኪድን" እየተባለ የሚባክነው የትምህርት ጊዜ ነው። ጸሎቱም ይቀጥል፣ ትምህርቱም ዛሬ ይጀመር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ልጁም ቢሆን ስለ እሱ የሚጸለየውን ማወቅ ይገባዋል፤ በምልክት ቋንቋ የሚሰበክባቸው ቤተ ክርስቲያኖች ያሉት እኮ ለዚህ ነው። "እርግማን ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው" የሚል ንግግር ግን በክፍሌ ቦታ አይኖረውም።

መምህራን የራሳቸውን እምነት የሁሉም ሕግ ሲያደርጉት ምን እንደሚመጣ ታሪክ መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ1880 በጣልያኗ ሚላኖ ከተማ ለጉባኤ የተሰበሰቡ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ መምህራን፣ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም የሚሰሙ ሆነው፣ ንግግር ከምልክት ይበልጣል ብለው ወሰኑ። በብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ልጆች በእጃቸው እንዳያወሩ ተከለከሉ፤ መስማት የተሳናቸው መምህራንም ከሥራቸው ተገፉ። ልጆቹን እንጠቅማለን ብለው ያደረጉት ነው፤ ልጆቹን ግን የጠየቃቸው አልነበረም። ያው ጉባኤ ውሳኔውን ውድቅ አድርጎ መጸጸቱን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳዋ ቫንኩቨር ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ!

መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ራሳቸው ሲናገሩስ ምን ይላሉ? ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው፣ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚማሩበት ጋላውዴት እ.ኤ.አ. በ1864 የኮሌጅ ዲግሪ እንዲሰጥ ሲፈቀድለት ፈቃዱን የፈረመው አብርሃም ሊንከን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የመሩት የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 አሁንም የምትሰማ ፕሬዚዳንት ስትሾም ተማሪዎቹ ግቢውን ዘግተው ተቃወሙ፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥም አይ. ኪንግ ጆርዳን መስማት የተሳነው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤቶችን ሲከፍቱ የውጭ ምልክቶችን ይዘው መጡ። ቋንቋውን የራሳቸው አድርገው ያሳደጉት ግን በየግቢው የተገናኙት ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል ትምህርትን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የምልክት ቋንቋንና መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ባህል በስም ጠቅሶ እውቅና ይሰጣል፤ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸውም ይደነግጋል።

ለእኔ ትልቁ ፈተና የሚመጣው ከራሴ አቋም ነው። እኔ የምልክት ቋንቋ ጠበቃ ነኝ። ነገ አንዱ ተማሪዬ የማዳመጫ መሣሪያውን አድርጎ "በአፌ ልመልስ" ቢለኝ ምን እላለሁ? ይመልስ እላለሁ። ሌላዋ "አስተርጓሚ ይመደብልኝና ከሚሰሙት ጋር ልማር" ብትል አስተርጓሚው እንዲመደብላት እሟገታለሁ። ሦስተኛው የልዩ ፍላጎት ትምህርት እንዲያጠና ሁሉም ሲገፋፋው "እኔ የምፈልገው አካውንቲንግ ነው" ቢል ከጎኑ እቆማለሁ። ለባህላቸው የቆምኩ መስሎኝ ማንንም በባህሉ ስም ማሰር አልፈልግም።

ሁሉም ነገር ለምርጫ ይቀርባል ማለቴ አይደለም። ማንበብና መጻፍ ግዴታ ነው፤ አማርኛን አንብቦ የማይረዳ ተማሪ ነገ ማመልከቻም ሆነ ውል ሲቀርብለት በሌላ ሰው እጅ ይወድቃል። ማወቁን የሚያሳይበትን መንገድ ግን ራሱ ይምረጥ፤ በምልክት፣ በጽሑፍ፣ በሥዕል ወይም በንግግር።

አብራችሁኝ የምትመረቁ ጓደኞቼ፣ የትም ብትመደቡ የምልክት ቋንቋን መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ከራሳቸው ተማሩ። ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ አታስረዱ። ስለ ተማሪው ከመወሰናችሁ በፊት ተማሪውን ጠይቁት። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ለከርሞ አታቆዩት፤ ዘንድሮ አስመዝግቡት፤ እናንተም አብራችሁት ምልክት ተማሩ። ነገ "ምን ትፈልጋለህ?" ስትሉት መልስ የሚሰጣችሁ ዛሬ ቋንቋ ከሰጣችሁት ብቻ ነው።