በጎረምሶች ፊልም ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?

የአሜሪካን የጎረምሳና የኮረዳ ፊልም «የልጆች ነገር» ብሎ የሚንቅ ጓደኛ አይጠፋም። ነገር ግን ያው ናቂ ፊልሙ በተጀመረ በሩብ ሰዓት ውስጥ ፍጻሜውን ይነግርሃል። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት እንደሚያልቅ የሚያውቅ የቅኔ ተማሪ ሦስተኛውን ቤት እንደማይጠብቅ ሁሉ፥ የዚህም ፊልም ሕግ የታወቀ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉን ያወጣው ገበያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ ብዙ የአሜሪካን አባትና እናት ከሲኒማ ቤት ቀሩ። ከቤት ለመውጣት ሰበብ የሚፈልገው፥ ኪሱም ጥቂት ገንዘብ የማያጣው፥ ወጣቱ ነበር። የፊልም ኩባንያዎችም ለእርሱ ይሠሩ ጀመር፤ ትልቅ ሰው ከወንበሩ እንደ ጠፋ ከታሪኩም ጠፋ፤ ቢገኝም ወይ ደካማ ነው ወይ ጨቋኝ።

በ1955 የወጣው የኒኮላስ ሬይ «ሬበል ዊዝአውት ኤ ኮዝ»፥ ማለት «ያለ ምክንያት ያመፀ»፥ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ ቀንና ሌሊት ገደማ ነው፤ ይህም ሌላው ሕግ ነው፤ ጊዜው ካላጠረ ወጣቱ ወደ ሥራና ወደ ኪራይ ቤት ይደርሳል፥ ፊልሙም ሌላ ፊልም ይሆናል። የጂም አባት ሽርጥ ታጥቆ፥ ተንበርክኮ፥ የፈሰሰ ምግብ ሲለቅም ልጁ ያገኘዋል። (ሽርጥ መታጠቅ ይህን ያህል ውርደት መሆኑ ዛሬ ያስቃል።) በመጨረሻ አባትና ልጅ ይታረቃሉ፤ ጂም ወዳጁን ጁዲን ለወላጆቹ ያስተዋውቃል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ሦስተኛው ጓደኛቸው ፕሌቶ በፖሊስ ጥይት ሞቶ ተጋድሟል። የፕሌቶ አባት ቼክ ይልካል እንጂ አይመጣም፤ እናቱም የለችም፤ የምታለቅስለት በደመወዝ የምትጠብቀው ጥቁር ሴት ብቻ ናት። ዕርቁ የደረሰው የሚታረቁት ወላጅ ላላቸው ነው፤ ዋጋው የተከፈለው በሌለው ልጅ ነው።

የጆን ሂውዝ «ዘ ብሬክፈስት ክለብ» (1985) ደም የለበትም፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው። አምስት ተማሪዎች ለቅጣት ቅዳሜን ሙሉ በትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ይውላሉ፤ ስፖርተኛው፥ የሀብታም ልጅ፥ ወሮበላው፥ ዝምተኛዋና ጎበዙ ተማሪ። ተማሪን በእንዲህ ያለ ስም መመደብ የዚህ ፊልም የቆየ ልማድ ነው። ያለቅሳሉ፥ ይናዘዛሉ፥ ስሙም የወደቀ ይመስላል። ሲመሽ ግን ስፖርተኛው ዝምተኛዋን ልብ ብሎ የሚያያት የሀብታሟ ልጅ ከኳኳለቻት በኋላ ነው፤ ወሮበላውና የሀብታሟ ልጅ ይሳሳማሉ፤ ጎበዙ ብራያን የታዘዘውን ድርሰት ለአምስቱም ብቻውን ይጽፋል። ዩኒቨርሲቲ ከደረስነው ውስጥ ብዙዎቻችን የማን ወገን እንደሆንን መገመት አያስቸግርም።

በ«ግሪስ» (1978) ደግሞ ወንዱ ለኮረዳዋ ሲል የስፖርተኛ ሹራብ ይለብሳል፤ እርሷ ጥቁር ልብስ ለብሳ፥ ተለውጣ ስትመጣ ሹራቡን ወዲያው ያወልቀዋል። የእርሷ ለውጥ ግን ይጸናል። (ኮረዳዋን የሠራችው ኦሊቪያ ኒውተን-ጆን ፊልሙ ሲወጣ 29 ዓመቷ ነበር፤ ይህም የዘርፉ ልማድ ነው።)

ሒሳቡን ያልተቀበለ አንድ ፊልም እጠቅሳለሁ፤ የፈረንሳዊው የፍራንስዋ ትሩፎ «ሌ ካትር ሳን ኩ» ነው፥ 1959። ልጁ አንትዋን የጽሕፈት መኪና በመስረቁ ወላጆቹ ራሳቸው ለመንግሥት አሳልፈው ይሰጡታል። ከጠባይ ማረሚያው አምልጦ ይሮጣል፥ ከባሕር ይደርሳል፤ የሚታረቀው ሰው የለም፥ የሚሳም የለም። ወደ እኛ ይዞራል፥ ምስሉም እዚያው ቀጥ ይላል።