ስለ «ባለቅጥያ አድራሻ»ና ስለ «ላኪ ማረጋገጫ» ስያሜዎች

ስያሜ ከመውጣቱ በፊት የሚሰየመው ነገር በሥራ ላይ ሊታይ ይገባል ብለን ስለምናምን፣ አድራሻን በተጨማሪ ቃል የሚለይና ላኪን የሚያጣራ አንድ የኢሜይል አገልግሎት ለጥቂት ሳምንታት ሞክረናል።

የመጀመሪያው ነገር ቀላል ነው። «መዝገብ» የሚል አድራሻ ያለው ሰው፣ ከ«@» በስተግራ የመደመር ምልክትና አንድ ቃል አክሎ፣ ለመጽሔት «መዝገብ+መጽሔት»፣ ለባንክ «መዝገብ+ባንክ» ብሎ ይሰጣል። መልእክቱ ሁሉ የሚደርሰው ወደ አንድ ሣጥን ነው፤ ሆኖም ለመጽሔቱ ብቻ በተሰጠው አድራሻ የማይታወቅ ነጋዴ ቢጽፍ አድራሻው በማን በኩል እንደወጣ ይገመታል። የሚታከለውን ቃል «ምልክት» እንዳንለው የመደመሩም ምልክት ምልክት ነው፤ «መለያ» ደግሞ ለተጠቃሚ መለያ ተይዟል። ስለዚህ «ቅጥያ»ን መርጠናል። በሰዋስው ቅጥያ ብቻውን አይቆምም፤ ግንዱን ተጠግቶ ፍቺውን ይለውጣል። የሰዋስው ሊቃውንት ቃሉ ከቦታው ተነሣ ብለው ይቃወሙ ይሆናል፤ ዐውዱ ስለሚለየው ግን ተቃውሞው የሚጸና አይመስለንም። እንዲያውም ስያሜው የነገሩን ድካም ጭምር ይናገራል፤ ቅጥያውን የቆረጠ ሁሉ «ግንድ አድራሻ»ውን ያገኛልና።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ተርጓሚዎች «የላኪ ማረጋገጫ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው።

አንደኛው፣ የማይታወቅ ላኪ ደብዳቤ ታግዶ ለላኪው ጥያቄ በራስ ሰር የሚላክበት፣ መልስ ሲሰጥም ደብዳቤው የሚለቀቅበት ሥርዓት ነው። ይህን በጨዋታ «ማን ልበል» ብለነው ነበር፤ ወደ መዝገበ ቃላት ቢገባም አያሳፍርም። ለመደበኛው ጽሑፍ «ላኪን ማጣራት» እንላለን። የጥያቄው ጽሑፍ በ«አንተ» ሳይሆን በ«እርስዎ» ሊጻፍ ይገባል። የላኪው አድራሻ የተጭበረበረ ከሆነ ግን ጥያቄው የሚደርሰው ምንም ላልጻፈ ሰው ነው፤ በዚህም ምክንያት ሥርዓቱን ለብዙኃን አገልግሎት አናበረታታም።

ሌላው ደብዳቤው ከየትኛው ድርጅት እንደመጣ የሚመረምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኤስኤምቲፒ የተባለው የመልእክት ማስተላለፊያ ደንብ ላኪው የጻፈውን ስም ሳይመረምር ይቀበል ነበር። ኤስፒኤፍ (ደንቡ በ2014 ታድሶ ወጥቷል) በድርጅቱ ስም ለመላክ የተፈቀደላቸውን ኮምፒውተሮች ያስታውቃል፤ ዲኪም (2011) ደግሞ በደብዳቤው ላይ የድርጅቱን ምስጢራዊ አሻራ ያኖራል። ይህን አሻራ «ፊርማ» ማለት ይቀናል፤ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ም ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ የወጣ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ግን ፊርማ የሰው፣ ማኅተም የመሥሪያ ቤት ነው። ዲኪም የሚመሰክረው ለድርጅቱ የኢንተርኔት ስም እንጂ ለጻፈው ሰው አይደለም፤ አጭበርባሪም የራሱን ስም አስመዝግቦ በራሱ ማኅተም ሊያትም ይችላል።

ስለዚህ «ላኪው ተረጋግጧል» የሚል ትርጉም ያነበበ ሰው፣ ገንዘብ ላክ የሚለውን ደብዳቤ የወዳጁ አድርጎ ቢያምን የሚፈረድበት አይሆንም። በዚህ ቦታ «የድርጅቱ ማኅተም ትክክል ነው» እንዲባል፣ የማሳያው ቦታ ሲጠብም «ማኅተሙ ትክክል ነው» እንዲጻፍ ሐሳብ እናቀርባለን።